ያገለገለች ማዝዳ ኤምኤክስ 5፦ ብርዱ ሳይገባ የያዝኩላት ሥራ

ስለዚች መኪና አነዳድ ብዙ ተብሏል። እኔ ልጽፍ የፈለግኩት ቆማ ስትሰነብት ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች ነው። ጋራዥ ውስጥ፣ ጎማዋ ከመሬት ተነስቶ፣ እጅ በግራሶ ጠቁሮ። ያገለገለ ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው እንዲህ ነው። ስለዚህ ግምገማውም ከዚህ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ።

የኔዋ ሁለተኛው ትውልድ ናት፣ ወዳጆቿ ኤንቢ የሚሏት። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 ነው የተመረተችው። ሁለት ወንበር፣ የጨርቅ ጣሪያ፣ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ። ክብደቷ 1,050 ኪሎ አካባቢ ነው። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ 5 በ1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ከታየች በኋላ፣ በ2016 ትውልዶቹ ሁሉ ተደምረው ምርቱ 1 ሚሊዮን ሞልቷል። ይህን የማነሳው ለሙገሳ አይደለም። ይህን ያህል የተመረተ መኪና ዕቃው አይጠፋም፣ የፈታውም ሰው ብዙ ነው፣ የትኛው ቡሎን እንደሚያስቸግር ከናንተ በፊት ያወቀ አለ። በብርድ፣ ማታ ማታ፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ሙሉ የሙቀት ወቅት ነዳኋት። ወደድኳት። አሁን መንገዱ ላይ ጨው ሊበተን ነውና ገብታለች።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። እጄ ከነካቸው መኪኖች ሁሉ ለመሥራት የምትመቸው እሷ ናት። ግን የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ለላስቲክ፣ ለፈሳሽና ለዝገት ለመስጠት ፈቃደኛ ካልሆናችሁ አትግዟት። ለጉልበት መጨመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለውበት የሚሆን ጊዜ ሌላ ዓመት ይመጣል። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሌላ ነው።

ይህን የምለው ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ከእሷ በፊት በነበረችኝ መኪና ብርዱ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ዕቃ ማዘዝ ነበር። አዲስ ሾክ አብዞርበር፣ አዲስ ሞላ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ከዚያ መኪናዋን አነሳሁ። ሾክ አብዞርበሩ የሚቀመጥበትን ላሜራ በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው ገባ። ዝገት በልቶት ኖሯል። ብየዳ አስፈለገ፣ በያጁ ወረፋ ነበረበት፣ አዲሱ ዕቃ ከካርቶኑ ሳይወጣ ወራቱ አለቀ። ያን ዓመት መኪናዋን የነዳኋት ወቅቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዘንድሮ መጀመሪያ ያደረግኩት ከሥሯ በደንብ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንስቼ፣ አንድ ሙሉ ቀን ማየት ብቻ ነው። ቁልፍ አልያዝኩም። የእጅ ባትሪ፣ ማስታወሻ ደብተርና ስልክ ለፎቶ። አንድም ቡሎን ሳልፈታ። ለእጅ ከባድ ነው፣ እጅ መፍታት ይፈልጋል። ግን ያ ቀን የወራቱን እቅድ ሠራልኝ።

ስለ ማንሳት ካነሳሁ፣ ኤንቢ ዝቅ ያለች ናት። ተራ ክሪክ ከፊቷ ሥር አይገባም፣ ወይም ገብቶ ለመጫን ቦታ አይኖረውም። ዝቅ ያለ ክሪክ ያስፈልጋል፣ ወይም መጀመሪያ ጎማዎቹን እንጨት ላይ ማውጣት። ከፊት መካከለኛው የብረት ተሸካሚ፣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ መሃል ላይ ክሪክ ይይዛል፣ ከዚያ በጎን በኩል በተሠሩት ቦታዎች ስታንድ ይገባል። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መያዣ አይደለም። ስታንድ ሳይገባ ከሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ። ስታንዱ ገብቶም መኪናዋን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጌ ሳላረጋግጥ ከሥሯ ገብቼ አላውቅም።

ወደ ዝገቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም የዚች መኪና ትልቁ ጠላት እሱ ነው። የጨርቅ ጣሪያው የሚሰበስበው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦ ከመኪናዋ ሥር ይወጣል። ቅጠልና አቧራ እነዚህን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሲደፈኑ ውሃው ወይ ወንበር ኋላ ወዳለው ምንጣፍ ይፈሳል፣ ወይ ከበሩ ሥር ባለው ባዶ ላሜራ ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ወደ ውጪ ያዝገዋል። ለዚህ ነው ከኋላ ጎማው ፊት ያለው የላሜራ ጥግ በኤንቢ ላይ መጀመሪያ የሚበላው። ቀለሙ ሲያብጥ ስታዩ ውስጡ ቆይቷል። ከዚህ በተጨማሪ ፊት ለፊት ሞተሩ ግራና ቀኝ የሚያልፉት የሻንሲ ብረቶች ድርብ ላሜራ ስለሆኑ መካከላቸው ውሃና ጨው ይይዛሉ። ኤንቢ የሚገዛ ሰው ሌላ ነገር ባያይ እንኳ ይህን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ይስማ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የተበላው ይታፈናል።

የኔዋ የሻንሲ ብረቶች ደህና ናቸው። የግራው ጥግ ግን ጀምሯል፣ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ። የውሃ መውጫዎቹን በለስላሳ የላስቲክ ሽቦ ጠረግኩ፣ ከግራው አንድ እፍኝ ጥቁር ጭቃ ወጣ። ከዚያ ውሃ አፍስሼ ከሥር ሲንጠባጠብ አየሁ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ከመኪናዋ ዕድሜ ላይ ግን ዓመታት የሚጨምር። የዝገቱን ፍቅፋቆና ቀለም ግን ገና ቅዝቃዜው ሳይበረታ ነው የያዝኩት። ቀለምም ሆነ ፀረ ዝገት ሰም ሙቀት ይፈልጋል፣ በበረዶ ቀን የተቀባ በደንብ አይያዝም። ብዙ ሰው ይህን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እኔ ግን የወራቱን ሥራ የምደረድረው በአስፈላጊነቱ ብቻ ሳይሆን በሙቀቱም ነው፦ ቀለምና ማጣበቂያ መጀመሪያ፣ ቡሎንና ብረት ብርዱ መሃል፣ ከመንገድ ጋር የሚገናኘው ሁሉ መጨረሻ።

የጨርቅ ጣሪያውንም ቆማ ሳለች ዘግቼ ነው የምተወው። ታጥፎ ከከረመ ይጨማደዳል፣ በብርድ ለማጠፍ ሲሞከርም ይሰነጠቃል። ኤንቢ የኋላ መስኮቷ መስታወት መሆኑ ከመጀመሪያው ትውልድ የላስቲክ መስኮት ይሻላል፣ በዚህ በኩል ጭንቀቱ ቀንሷል።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ። የታይሚንግ ቺንጋ፣ ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን አስተባብሮ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ። መመሪያው በብዙ ቦታ 60,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ይላል። የኔዋ በኪሎ ሜትር ገና ነች፣ ግን ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ አንድም ወረቀት አልመጣልኝም። ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ነው የምቆጥረው። ላስቲክ በመንዳት ብቻ አያረጅም፣ በዕድሜም ያረጃል። ለዚህ ሞተር የምወድለት ነገር ከፊት ያለው ክፍት ቦታ ነው። ሞተሩ እንደ ብዙ መኪኖች በጎን አልተኛም፣ ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ራዲያተሩ ሲወርድ ደግሞ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ቆሞ መሥራት ይቻላል። ሌላ መኪና ላይ ይኸው ሥራ ሞተር ተሸካሚ መፍታት፣ በጎማ በኩል እጅ ማሾለክ ነው።

እዚህ ላይ ስስት ጥሩ አይደለም። የውሃ ፖምፓው የሚወጣው የታይሚንግ ቺንጋው ሲወርድ ነው። ቺንጋውን ቀይሮ ፖምፓውን መተው ማለት ፖምፓው ማፍሰስ ሲጀምር ያንኑ ሥራ ከዜሮ መድገም ነው። ስለዚህ ቺንጋ፣ መወጠሪያ፣ መሪ ኩሽኔታ፣ የካምሻፍትና የክራንክሻፍት የፊት ዘይት መያዣ ላስቲኮች፣ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ቱቦዎች፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮንም ስለሚከፈት አብሮ ይቀየራል። የራዲያተሩ ውሃ ስለሚወርድ አዲስ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ደባልቄ እሞላለሁ፣ ይህ ድብልቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። በቧንቧ ውሃ ብቻ የተሞላ ራዲያተር ያላት መኪና ብርድ ላይ ማቆም ግን ሞተሩን ለበረዶ መስጠት ነው። የገዛችሁ ቀን ፈትሹት።

ቺንጋውን ከማውረዴ በፊት ምልክቶቹን አስተካክዬ በነጭ ቀለም አሰምራለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ አዲሱ ከገባ በኋላ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሬ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን አያለሁ። ይህን ሳላይ ቁልፍ አላዞርም።

ፍሬኑ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኤንቢ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የኋላው ካሊፐር፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል፣ የእጅ ፍሬኑን ራሱ ይዟል። አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑን በመጭመቂያ ገፍቶ ማስገባት የለመደ ሰው እዚህም ይገፋል። አይገባም፣ ከተገደደም ይበላሻል። ከካሊፐሩ ጀርባ አንድ መሸፈኛ ቡሎን አለ፤ እሱ ሲወጣ ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ የሚገባበት ማስተካከያ ይገኛል። ፒስተኑ የሚመለሰው እሱን በማዞር ነው። አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ዲስኩን እስኪይዝ ታጠብቁታላችሁ፣ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ዙር ያህል ታላላላችሁ። የእጅ ፍሬኑ ከዚያ በኋላ ነው በትክክል የሚይዘው። የእጅ ፍሬኗ አይዝም ተብሎ የሚሸጡ ብዙ ኤንቢዎች የጎደላቸው ይህ ማስተካከያ ብቻ ይመስለኛል።

ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ የሲሊኮን ግራሶ ቀብቼ እመልሳለሁ። ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጣል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ መቀየር አለበት፣ ንጹሕ ቢመስልም። ይህ ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ወይም ኩርባ በበዛበት መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ፔዳሉ ወለል ሲነካ ነው የሚታወቀው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ለኔ ድርድር የለውም። የፍሪሲዮኑም ዘይት ያው ነው፣ የራሱ ማስቀመጫ አለው፣ አብሮ ይቀየራል። ከካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሿ የፍሪሲዮን ሲሊንደር በዚች መኪና ላይ ላስቲኳ ቶሎ እንደሚደክም የታወቀ ነው። ከውጪ ናት፣ በሁለት ቡሎን ነው የተያዘችው። የላስቲክ ክዳኗን ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡ ከረጠበ ለውጧት፣ መንገድ ላይ ፔዳሉ ተኝቶ እንዲቀር አትጠብቁ።

ካምቢዮና ዲፈረንሻል ሥራው ቀላል ነው፣ 2 ሊትርና 1 ሊትር ገደማ 75 ደብልዩ 90 የሚባል የማርሽ ዘይት። ለካምቢዮው እኔ ጂኤል 4 የሚባለውን የዘይት ደረጃ እመርጣለሁ፣ ለማርሽ ማስተካከያዎቹ ነሐስ ደግ ነው። ለዲፈረንሻሉ ጂኤል 5። አንድ ምክር ብቻ፦ ዘይቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። እሱ እምቢ ካለና የታችኛውን ቀድማችሁ ከፍታችሁ ከሆነ፣ ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ መቀመጣችሁ ነው።

የሞተር ዘይቱን የቀየርኩት ከመቆሟ በፊት ነው እንጂ ብርዱ ሲያልፍ አይደለም። የተቃጠለ ዘይት እርጥበትና አሲድ ይይዛል፣ ያንን ሞተር ውስጥ አስቀምጦ ወራት ማቆየት አልወድም። ታንኩንም ሞልቻለሁ፣ የነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ ጨምሬ ወደ ማደያ ስሄድና ስመለስ ሞተሩ ውስጥ እንዲደርስ አድርጌያለሁ። ከዚያ በኋላ ቁልፍ አይዞርም። ሞተሩን በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ማስነሳት ለመኪናዋ ጥሩ እንደሆነ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። አልስማማም። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ውሃው ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። በተዘጋ ጋራዥ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ባትሪዋ ፖርቶባጋሊዮ ውስጥ ነው፣ በቀኝ በኩል። ይህ ለክብደት ሚዛን ጥሩ ነው፣ ለጥገናም ምቹ። ግን ከባትሪው ወደ ውጪ የምትሄድ ቀጭን የጋዝ መውጫ ቱቦ አለች፤ አንዳንድ ሰው ባትሪ ሲቀይር ይረሳታል። ቱቦዋ ከሌለች ጋዙ ፖርቶባጋሊዮ ውስጥ ይቀራል፣ አሲዱም ላሜራ ይበላል። ሙሉ ባትሪ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.4 ካሳየ ሩብ ያህሉ ሄዷል። ባዶ የሆነ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ ሊረጋ ይችላል፣ የተሞላው ግን ከባድ ብርድ ይችላል። እኔ ሞልቶ ራሱ የሚቆም ቻርጀር ሰክቼባት ነው የተውኳት። ከዚህ ወራት መሣሪያዎቼ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

የእጅ ፍሬን አልያዝኩም። ቆሞ የከረመ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ ናት፣ ጎማዋ ሥር ሽብልቅ አለ። ጎማዎቹን ከማቆሜ በፊት ጎናቸው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አይቻለሁ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የኔዎቹ 0914 ይላሉ፣ እ.ኤ.አ. የ2014 ዘጠነኛ ሳምንት። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ላስቲካቸው ግን ደርቋል። ከሻጩ ያገኘኋቸው ሲሆኑ ጥሩ ጎማ ነው ብሎኝ ነበር። ብርዱ ሲያልፍ አራቱም ይቀየራሉ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ከመኪናዋ ግን አይደለም። ከመግዛቴ በፊት የሆነ ጋራዥ ቸርኬዎቿን በአየር ማጥበቂያ ያለ ልክ አጥብቋቸዋል። ልፈታ ስል ሁለት ቡሎን ከነጥርሳቸው ተላጡ። መመሪያው ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው የሚለው። ይህ በቶርክ ሬንች አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ሰው በዚያ ቸርኬ ላይ ነው የሚሄደው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሁሉንም ዳዶ ራሳችሁ ፈታችሁ፣ ራሳችሁ በልኩ አጥብቁ።

የሳስፔንሽኑን ላስቲኮች፣ ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች መጋጠሚያ ላይ ያሉትን፣ ለሚቀጥለው ዓመት አሻግሬያቸዋለሁ። ይህን ለመወሰን ከበደኝ፣ ምክንያቱም መሪው ላይ መድከማቸው ይሰማኛል። ግን አራቱም ጎማ ላይ ድርብ ክንድ ነው ያላት፣ ላስቲኩ ብዙ ነው። የጎማ አሰላለፍ የሚስተካከልባቸው ረጅም ቡሎኖች ከውስጡ ቧንቧ ጋር በዝገት ተጣብቀው ቆርጦ ማውጣትም ሊመጣ ይችላል። ያንን ቺንጋው ወርዶ ሳለ ከከፈትኩ ሁለት የተበተነ ሥራ ይዤ እቀራለሁ። ደንቤ አንድ ነው፦ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ለዘንድሮ እነዚያን ቡሎኖች በየሳምንቱ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት እረጫቸዋለሁ፣ ወቅቱ ሲደርስ ይላላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ካንዴላና ገመዶቹ ግማሽ ሰዓት ናቸው፣ እነሱን የምይዘው ስሜት በቀዘቀዘበት ማታ ነው።

መኪናዋን እንግዲህ ምን ልበላት? ሞተር ክፍሏ ውስጥ እጅ ይዞራል። ቡሎኖቿ አብዛኛዎቹ በ10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ ይፈታሉ። ኮምፒውተር ሳይሰኩ አብዛኛው ችግር በዓይንና በጆሮ ይገኛል። የሚያስቸግረው ካምቢዮ ማውረድ ነው፣ ምክንያቱም ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያይዝ ረጅም አልሙኒየም ፍሬም አለ፣ እሱ መጀመሪያ መፈታት አለበት። የፍሪሲዮን ሸራ ያለቀባትን ኤንቢ ለመጀመሪያ መኪናችሁ አትግዙ። ሻንሲዋ የተበላውንም፣ የፈለገ ቢያብረቀርቅ፣ እለፉት። ሞተር ይገኛል፣ ጤነኛ ላሜራ ግን አይገኝም።

አሁን ስታንድ ላይ ናት። ራዲያተሩ ወርዷል፣ ቱቦዎቹ ስማቸው ተጽፎ በየላስቲኩ ገብተዋል፣ የቺንጋው ሽፋን ሦስት ቡሎን ይቀረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከእነሱ እቀጥላለሁ።